የካሴቱ ጀርባ

የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ካሴቱ መሃል ላይ ይጠፋል። ኢንስፔክተሯ ይህን በመጀመሪያው ቀን ምሽት በስልኳ ሰምታዋለች። አሮጊቷ ሲያወሩ ከኋላቸው ቀጭ ቀጭ የሚል ሰዓት አለ፤ ከዚያ አሮጊቷም ዝም፣ ሰዓቱም ዝም። ግን ራት እየሠራች፣ ልጇ ለምን ዘገየች እያለች፣ በአንድ ጆሮዋ ነበር የምታዳምጠው። አሮጊቷ ሆድ ብሷቸው ዝም ያሉ መሰላት። ዝምታውን በጣቷ ገፋ አድርጋ አለፈችውና ቀጥሎ ወሬ መኖሩን አይታ ስልኩን ዘጋችው። ሰው ዝም ሊል ይችላል። ሰዓት ለምን ዝም ይላል ብላ የጠየቀችው፣ አንድ ሰው ባልሠራው ወንጀል ከታሰረ በኋላ ነው።

ሟቿ የተገኘችው በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ነው። የታሪክ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች፤ የሰፈሩ ሰው ግን እትዬ ጆሮ ነው የሚላት። ዕድሜዋን የጨረሰችው ቴፕ ተሸክማ ከቤት ቤት እየዞረች፣ ሽማግሌና አሮጊት ፊት ቁጭ ብላ ስታዳምጥ ነው። ወፍጮ ቤቱ እንዴት እንደተዘጋ፣ ጎርፉ የማንን ቤት እንደወሰደ፣ ድልድዩ ሲሠራ ማን እንደሞተ፣ ሁሉም በካሴት ተቀድቶ ከድሮ ፎቶዎች ጋር ምድር ቤት ተቀምጧል። አንድም ሰው አቋርጣ አታውቅም ይባላል።

በመጨረሻ የያዛት ሐሳብ ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ማንም ሰው በነጻ፣ በስልኩ እንዲሰማው ነበር። ድምፃቸውን ለሰጧት ቤተሰቦች የገባችላቸው ቃል ነው። ኮምፒውተር የገባውን ካሴት ለባለቤቱ ትመልሳለች፤ ድምፁ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ይጠራቀማል፤ ዲስኩ ከቦርሳዋ አይለይም። በሚቀጥለው ሰኞ ሁሉም ሊከፈት ነበር። እስከዚያው ደግሞ በየቀኑ የሚገባው አዲስ ካሴት የዚያኑ ዕለት ምሽት በራሱ ድረ ገጹ ላይ እንዲወጣ አድርጋዋለች። የማንም እጅ እንዳያስቀረው ነው፣ ትል ነበር አሉ።

ቦርሳዋ አጠገቧ አፉን ከፍቶ ተገኘ። ዲስኩ የለም። ሐኪሙ በሁለቱም ክንዶቿ ላይ የጣት ምልክት አሳያቸው። አንድ ሰው ጨምድዶ ይዟት፣ ከዚያ ገፍቷታል። ወዲያው አልሞተችም፤ ቶሎ ቢደረስላት ኖሮ፣ አለና ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ኢንስፔክተሯ ክፉውን አስቀድማ የምታስብ ሴት ናት። ልጇ ትንሽ ከዘገየች ሆስፒታሉ፣ አልጋው፣ ነጭ አንሶላው ይታያታል። ሳጅኑ በዚህ ይቀልድባታል፤ እርስዎ ደመና ሳይኖር ጎርፍ የሚታይዎት ሰው ነዎት ይላታል። ያን ቀን ግን እሱም አልቀለደም። ደረጃው ሥር የወደቀው የሟቿ መነጽር አንዱ ዓይኑ ተሰብሮ፣ አንዱ ደህና ነበር። ኢንስፔክተሯ እሱን አይታ ጥርሷን ነከሰች።

ያን ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ለአንባቢ ዝግ ነበር። ከሟቿ ሌላ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ዘበኛውና ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ባለሙያ፣ ሠራተኞቹ ባለማሽኑ የሚሉት።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ዘበኛው ነው። ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም ብሎ ማለ፤ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት የምትሠራው ልጅ ደግሞ በሩ ላይ ሰው አልነበረም አለች። ሳጅኑ ጠጋ ብሎ ሲጠይቀው ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ እግሩን አነሳና ጫማውን አሳየ። አዲስ ሶል። ሊስትሮው ዘንድ ተቀምጦ ሲያሰፋ ነበር፤ ሊስትሮውም፣ እዚያ ወረፋ የያዙ ሰዎችም መሰከሩለት። ሥራዬን አስጥላችሁ አታስወጡኝ እንጂ ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ ብሎ አለቀሰ። ኢንስፔክተሯ አላዘነችለትም። ጫማህን ስታሰፋ ሰው ሞቷል ብላው ወጣች።

ባለማሽኑ ትሑት ሰው ነው። ወንበር ሳበላት፣ አቧራውን ጠረገላት። ክፍሉ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ቴፕ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ መደርደሪያው ላይ ለመለዋወጫ የተቀመጡ የተበላሹ ቴፖች። ከምሳ ጀምሮ ዘበኛው ሟቿን አግኝቶ እስኪጮህ ድረስ የአንዲት አሮጊት ካሴት ሲያስገባ እንደነበር ነገራት። ኮምፒውተሩም መቼ እንደጀመረና መቼ እንደጨረሰ ይዞታል፤ ሟቿ የወደቀችው በዚያ መሃል ነው።

«ትተኸው ወጥተህ ቢሆንስ?» አለችው።

ፈገግ አለ። ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር ያስረዳት። «ካሴት ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ሲያልቅ ቴፑ ራሱ ይቆማል። ሰው ቁጭ ብሎ ካልገለበጠው ጀርባው አይገባም። ያን ቀን የገባውን ይክፈቱትና ይስሙት፤ ፊቱም ጀርባውም አለ። እኔ ባልኖር ማን ገለበጠው?»

ትክክል ነው። ያን ምሽት ስልኳ ላይ ከፍታ፣ ፊቱም ጀርባውም መኖሩን አየች። ባለማሽኑን ከሐሳቧ አወጣችው።

አንድ ሾፌር የጠቆመችው በቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የምታውሰው ሠራተኛ ናት። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። በዋዜማው መጥቶ እትዬ ጆሮ ላይ ጮኾባት ነበር። የእናቴን ካሴት አሁኑኑ አምጪ፣ ካላመጣሽ ይህን ቤት አቃጥለዋለሁ ብሏል። እሷም እንደ ልማዷ እስኪጨርስ ሰምታው፣ እናትህ ራሳቸው መጥተው ይንገሩኝ አለችው። በማግስቱ፣ ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት፣ ከጓሮ በር በኩል እየተጣደፈ ሲሄድ አንድ ልብስ ሰፊ አይቶታል።

አዛዡ ሌላ አልፈለገም። ዝቷል፣ ታይቷል፣ እሰሩት።

ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ከብዶ ተቀመጠ። ለምን ካሴቱን ፈለግከው ሲባል አንገቱን ደፋ። ጓሮ በር ምን ትሠራ ነበር ሲባል፣ ይቅርታ ልጠይቃትና ልለምናት ሄጄ ነበር፣ ደጋግሜ አንኳኳሁ፣ የሚከፍት አጣሁ፣ ተመለስኩ አለ። ኢንስፔክተሯ ሳጅኑን አስወጥታ በሩን ዘጋችው።

«እኔም ልጅ አለኝ» አለችው። «ካሴቱ ላይ ምን አለ?»

«እናቴ አልወለደችኝም» አለ። «ባለፈው ሳምንት ነገረችኝ። ዓለም ከመስማቱ በፊት አንተ ስማው አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደብቃኝ ለቴፕ ነገረችው። ለቴፕ።»

«እሳቸውን ምን አልካቸው?»

«ምንም። ከዚያ ወዲህ አልጠራኋትም።»

ካሴቱ ያው ባለማሽኑ ያስገባው ነው፤ እትዬ ጆሮ እንዳዘጋጀችው በራሱ ድረ ገጹ ላይ ወጥቷል። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ በስልኩ ሰማው። ይህ ልጅ ከማህፀኔ አልወጣም የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቋረጣል፤ ሰውም አለቀ ብሎ ይዘጋዋል። አውቶቡስ ማደሪያው ላይ የሾፌሩ ጓደኞች፣ ለካ እሱም ተሳፋሪ ነው፣ መንገድ ላይ ነው የተጫነው ተባባሉ። ጣቢያው በር ላይ የቆመ ፖሊስ ሳይቀር ቀልዱን ሲደግመው ኢንስፔክተሯ ሰማችው። ስልኩን ከእጁ ቀምታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ይህች ሴት በነጻ የሰጠቻችሁ ለዚህ ነው?» አለችው። «የሰው እናት ለመቀለጃ?»



አሮጊቷ በየቀኑ ጣቢያ ይመጣሉ። ጠዋት መጥተው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲመሽ ይሄዳሉ። ዳቦ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ ልጃቸው አይቀበልም፤ ተመልሰው ይዘውት ይሄዳሉ። ሳጅኑ አንድ ቀን በመኪና ቤታቸው ሲያደርሳቸው በሩ ገርበብ ብሎ አገኘው። ሌባ ይገባል፣ ለምን አይቆልፉም ቢላቸው፣ ቁልፍ ሳይዝ ነው የወሰዳችሁት፣ ድንገት ቢመጣ ውጭ ሊቀር ነው ወይ አሉት። ሳጅኑ ይህን ለኢንስፔክተሯ ነገራት። እሷ ደግሞ በዚያች በተከፈተች በር የሚገባውን ሌባ፣ ቢላውን፣ አሮጊቷን ሁሉ በዓይነ ሕሊናዋ አየች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ባለማሽኑም ይመጣ ነበር። ፖሊስ ያሸገው ክፍሌ ይከፈትልኝ ይላል። የሕዝብ ሥራ ነው፣ የሟቿ አደራ ነው፣ ሰኞ ደርሷል። ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለተኛው ጊዜ በአዛዡ በኩል ነበር። አዛዡም ኢንስፔክተሯን ጠርቶ፣ ሰውየው ታስሯል፣ ምርመራው አልቋል፣ ማሸጊያውን አንሺ አላት። ነገ አነሳለሁ አለችው። ለምን ነገ እንዳለች ራሷም አታውቅም። የሚያጣድፍ ሰው ስለማትወድ ይሆናል።

ከአዛዡ ቢሮ ስትወጣ አሮጊቷ ቀሚሷን ያዙ።

«በአፌ ነው ልጄን ያሳሰርኩት ይላሉ» አሉ። «ምን እንዳልኩ አሰሚኝ። እኔ እንደዚህ ያለ ስልክ የለኝም።»

አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ከፈተችላቸው። አሮጊቷ የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ በየመሃሉ ይሄ እውነት ነው፣ ይሄን ትንሽ አጋንኜዋለሁ እያሉ ያርሙት ጀመር። ይህ ልጅ ከማህፀኔ አልወጣም የሚለው ደረሰ። ዝምታው መጣ።

«ተበላሸ?»

«አይ እማማ። እርስዎ ነዎት ዝም ያሉት።»

«እኔ?» አሉ አሮጊቷ። ተቆጡ። «እኔ እዚህ ላይ ዝም እላለሁ? ልጄን እዚህ ላይ ጥዬው? ትንፋሽ እንኳ አልወሰድኩም። ደግሞ ሰዓቴስ? ሰዓቴም አብሮኝ ዝም አለ?»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። እውነትም ምንም የለም። ቀጭ ቀጭ የለም። ሰው ዝም ያለበት ቤት እንዲህ አይደለም፤ ወንበር ይንቋቋል፣ መኪና ያልፋል፣ ሰው ይተነፍሳል። ይህ ባዶ ነው። ባዶው ደግሞ አያልቅም። ሻይ ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው ሊታጠብ የሚችልበት ጊዜ ነው። ከዚያ ቋ የሚል ድምፅ፣ ከዚያም ሰዓቱ፣ ከዚያም አሮጊቷ «ግን» ሲሉ።

ፊቱ ሲያልቅ ቴፑ ራሱ ይቆማል። የነገራት እሱ ራሱ ነው። ሰው ካልገለበጠው ጀርባው አይገባም። አዎ፣ ተገልብጧል። ግን መቼ?

«ሳጅን» አለች፣ ቆማ። «የታሸገውን ክፍል ቁልፍ።»

የአሮጊቷ ካሴት አሁንም ቴፑ ውስጥ ነበር። ክፍሉ የታሸገው የዚያኑ ዕለት ነውና ማንም አልነካውም። ኢንስፔክተሯ ካሴቱን በፊቱ በኩል አዞረችና መጨረሻው አካባቢ ከፈተችው። ከማህፀኔ አልወጣም። ቋ። ቴፑ ቆመ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ወዲያው አውጥታ ገለበጠችው፤ ግን፣ አሉ አሮጊቷ። ካሴቱ ላይ ምንም ዝምታ የለም። ዝምታው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። ካሴቱ ፊቱን ጨርሶ ሲቆም ኮምፒውተሩ ባዶውን ሲቀዳ ቆይቷል፤ የሚገለብጠው ሰው ወንበሩ ላይ አልነበረምና።

«ተነስቶ ወጥቷል» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ። «ተመልሶ ገለበጠው።»

«ወጥቷል ብቻ? ገድሎ ተመልሷል» አለች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። «እኔ ደግሞ በጣቴ ገፍቼ አለፍኩት። አሁን ንገረኝ፤ ይህ ሰው ይህን ክፍል ክፈቱልኝ እያለ የሚለምነው ለምንድን ነው?»

መደርደሪያው ላይ ያሉትን ቴፖች አንድ በአንድ አወረዱ። ዲስኩ ለመለዋወጫ ከተቀመጡት ቴፖች ሆዱ በተዘረገፈው በአንዱ ውስጥ ነበር፤ በሟቿ የአንገት ልብስ ተጠቅልሎ። ዘበኛው ቶሎ ስለጮኸ ባለማሽኑ ይዞት መውጣት አልቻለም፤ ፖሊስ ደግሞ ራሱ አሽጎ ሲጠብቅለት ከረመ። ሳጅኑ ሳቅ መጣበትና ሳቁን መልሶ ዋጠው።

ባለማሽኑን እዚያው ክፍል አስመጣችው። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ኮምፒውተር የገባውን ከፈተችለት። አንድም ቃል አልጠየቀችውም። ዝምታው ሲደርስ ሰዓት አላየችም፣ እሱን ነበር የምታየው። መጀመሪያ እግሩን አነባበረ። ከዚያ ፈታው። ከዚያ መደርደሪያውን አየና ቴፑ ከቦታው መጉደሉን ተረዳ።

«አጥፉት» አለ።

«አላጠፋም። ይለቅ። እዚህ ጋ የት ነበርክ?»

ካሴቱ «ግን» ሲል ባለማሽኑ አለቀሰ፤ ለቅሶውም አላሳዘናት። ወሬው ቀስ በቀስ ወጣ። አንድ ኩባንያ አናግሮታል። ስብስቡ ሳይከፈት ሙሉውን ቢያስረክብ፣ ኩባንያው ቆልፎ ይሸጠዋል፤ የሞተ አባቱን ድምፅ መስማት የፈለገ ሁሉ እየከፈለ ይሰማል። እትዬ ጆሮ ደርሳበት ያን ቀን ምድር ቤት ጠራችው። ሰኞ ሁሉንም እከፍተዋለሁ አለችው። ከተከፈተ ደግሞ የሚገዛ የለም። ቦርሳዋን ያዘ፤ አልለቅም አለች።

«የጓሮ በር ሲንኳኳ ሰምተሃል?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

በመዳፉ ፊቱን ጠረገ።

«ሰምተሃል ወይ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ያኔ ወድቃለች?»

«ወድቃለች።»

«ትተነፍስ ነበር?»

ባለማሽኑ እጆቹን አየ። «ትተነፍስ ነበር» አለ። «ሰውየው እስኪሄድ ቆሜ ጠበቅኩ።»

ሳጅኑ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኢንስፔክተሯ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች፤ እጇን ብትለቀው የት እንደሚያርፍ ታውቀዋለች። በሩ ላይ የቆመው ሰው ቢገባ እትዬ ጆሮን ሊያድናት ይችል ነበር። እሱን ነው ገዳይ ብለው ያሰሩት።

«ለምን አልቆረጥከውም?» አለችው በመጨረሻ። «ያንን ባዶ።»

«ማታውኑ በራሱ ወጣ። ክፍሉም ታሸገ።» ከዚያ በእውነት የገረመው መሰለና ቀና አለ። «ደግሞስ ማን ይሰማዋል? የአንዲት አሮጊት ወሬ፣ እስከ መጨረሻው፣ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል?»

«የገደልካት ሴትዮ ትሰማው ነበር» አለች። «ውሰደው ሳጅን። ከፊቴ ውሰደው።»

አዛዡ ዲስኩ ማስረጃ ነው፣ ይታሸግ አለ። ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ ይቀዳል፣ ከዚያ ይታሸጋል አለችው። ድምፃቸውን የሰጡት ቤተሰቦች ውጭ ቆመዋል፣ እነሱን ሄደህ ነገ ኑ በላቸው አለችው። በአሥራ ምናምን ዓመት አገልግሎቷ አዛዡ ላይ ድምፅዋን ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነው። መጽሐፍ የምታውሰው ሠራተኛ መጥታ ቀዳችው። ሰኞ፣ እትዬ ጆሮ እንዳለችው፣ ሁሉም ተከፈተ።

ሾፌሩ የተፈታው ባለማሽኑ ባመነበት ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ኢንስፔክተሯ ራሷ በመኪናዋ ወሰደቻቸው፤ እናት ከኋላ፣ ልጅ ከፊት። ሾፌሩ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። አንድ አውቶቡስ ሲያልፍ ፊቱን ደበቀ።

መንገዱ ዳር አቆመችና ስልኳን አወጣች።

«ፊቱን ሰምተሃል» አለችው። «ሰፈሩም የሰማው ፊቱን ብቻ ነው። ጀርባውን ማንም አልሰማውም። እኔም አልሰማሁትም ነበር።»

ቋ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ሰዓት።

«ግን» አለ የአሮጊቷ ድምፅ፣ «ሲያለቅስ መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። እናቱ ጎረቤቴ ነበረች፤ ጎርፉ ሌሊት መጣ። ውኃው በር ላይ አድርሶት ነው ያገኘሁት እንዳልል፣ ውኃ ልጅ አያደርስም፤ እሷ ናት በመስኮት የሰጠችኝ። ያዢልኝ አለችኝ። ያዝኩላት። እስከ ዛሬ እጄን አላላላሁም። አንድ ቀን መጥታ ብትጠይቀኝ እንኳ አልመልስም፤ ይቅር በይኝ እላታለሁ እንጂ አልሰጣትም። ይህን ነው የደበቅኩት። እሱን ከሌላ መውሰዴን አይደለም፤ መመለስ አለመፈለጌን ነው።»

ከኋላ ወንበር አሮጊቷ ፌስታላቸውን አኮሻኮሹ። ሾፌሩ ስልኩን እስከ መጨረሻው ሰማው። ሲያልቅም እጁ ላይ ይዞት ቆየ።

«ዳቦው ደርቆ ይሆናል» አሉ አሮጊቷ፣ ለማንም እንዳልሆነ።

ወደ ኋላ ዞሮ ተቀበላቸው። ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ።

ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ በሩ እንደተባለው ገርበብ ብሎ ነበር። ኢንስፔክተሯ ቀድማ ገብታ አየች፤ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከአልጋው ሥር። ማንም የለም። ግድግዳው ላይ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ተሰናብታ ወጣችና መኪናዋ ጋ ደርሳ ለልጇ ደወለች፤ የት ነሽ፣ ከማን ጋር ነሽ፣ እዚያው ቆዪ መጣሁ አለቻት። ስልኩን ዘግታም መኪናውን አላስነሳችም። ጠበቀች።

ቤቱ ውስጥ መብራት በራ። የሾፌሩ ድምፅ ገርበብ ባለው በር ወጣ።

«እማዬ፣ ቁልፉን የት ነው የምታስቀምጪው?»

አሮጊቷ የመለሱት አልተሰማትም። በሩ ገጠመ፣ ቁልፉም ዞረ።